ሜይባኦ የት ታመሻለች?

«የፌይ ቤት ሴት ልጅ ዛሬም አልሄደችም አሉ» አለች አንዷ ከገንሮንግ በስተኋላ። ማንሾካሾኳ ነበር፤ ግን ሹክሹክታዋ ከቦዩ ማዶ ልብስ የምታሰጣውን ሴት ቀና አድርጓታል። «ያገባች ሴት፣ በዶንግጂ ዋዜማ፣ በእናቷ ቤት! ወንድምየው ድህነት ናፍቆት ነው እንዴ?» ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። «አንድ ልጅ አለኝ ብሎ እንኳ አያስብም?» ገንሮንግ አልዞረም። ድምፁ የጎረቤቱ የወይዘሮ ጂያንግ መሆኑን ለማወቅ መዞር አላስፈለገውም፤ ያን ድምፅ በሱጆ ከተማ ያሉ ዓሣዎች ሁሉ ያውቁታል። ሁለት ባዶ ጀሪካኖቹን ደረቱ ላይ አስጠግቶ የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየ ቆመ። ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ የሩዝ ጠጅ ሰልፉ ግን ከመሸጫው በር ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሁለት መንደር ዞሮ፣ ሻንጋይ ለመግባት ትንሽ ነበር የቀረው። ወርቃማ ጥቃቅን አበባ የሚንሳፈፍበት ይህ ጠጅ በዓመት ለአሥር ቀን ብቻ ይሸጣል። በዋዜማው ምሽት ሳይጠጣ የተኛ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲበርደው ይኖራል ይባላል። ሊትሩ ሃያ ስምንት ዩዋን ገብቷል፤ ካምናው በሦስት ጨምሯል። ገንሮንግ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ሦስት ዩዋን ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ይናገር ነበር። ዛሬ ግን አፉ አልከፈት አለው።

የሰፈሩ ደንብ ቀላል ነው። የዓመቱ ረጅም ሌሊት በሚገባበት በዶንግጂ ዋዜማ ምሽት ያገባች ሴት በባሏ ቤት ማዕድ ትቀርባለች። በወላጆቿ ቤት ከበላች የዚያ ቤት ሲሳይ ተከትሏት ይወጣል። ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም፤ በዚህ የማያምን ሰው ግን ገንሮንግ በሃምሳ ስድስት ዓመት ዕድሜው ያየው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ድሃ ነበር። ታላቅ እህቱ ሜይባኦ ደግሞ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በትዳሯ ስትኖር እናቷ ቤት የምትቆየው የሻይ ውሃ እስኪፈላ ነው፤ አንዳንዴም ሳይፈላ ትሄዳለች። አሁን ግን የዛሬ ሦስት ቀን አንድ ሰማያዊ ቦርሳ አንጠልጥላ መጣች። «እማን ልያት ብዬ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ አልሄደችም። በመጀመሪያው ቀን መጋረጃዎቹን አጠበች። በሁለተኛው የማንቆርቆሪያውን ዝቃጭ በኮምጣጤ አራገፈች። በሦስተኛው የእናቷን ካፖርት ገበር ፈትታ እንደገና ሰፋች። ገንሮንግ ይህን ሁሉ በዓይኑ ሲከታተል ሰነበተ። ሰው ያለ ምክንያት የሰው መጋረጃ አያጥብም። መንገዱ ሊታደስ ነው፣ ለየአባወራው አፓርታማ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ከነፈሰ ወዲህ ለዓመታት ብቅ ብለው የማያውቁ ዘመዶች በየቤቱ እናት እየናፈቃቸው ነው። የቤታቸው ካርታ ደግሞ ከእናቱ አልጋ ሥር፣ በቆርቆሮ የብስኩት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሜይባኦ የምትተኛው ከዚያ አልጋ አጠገብ በተዘረጋ ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። ከእጇ እስከ ሳጥኑ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው።

ጠጁን ይዞ ሲገባ ቤቱ በአሳማ ሞራ ሽታ ታፍኗል። ቤት ሲባል ሁለት ክፍል ነው፤ ፊተኛው ወጥ ቤትም ሳሎንም የባልና ሚስት መኝታም ነው፣ ኋለኛው የእናቱ። በሁለቱ መካከል በር አልነበረም፤ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። እሱም አሁን ታጥቦ በጣም ከመንጻቱ የተነሣ የሌላ ሰው ቤት መስሏል። ሚስቱ ሊንዲ ከምድጃው ፊት ቆማ ጭልፋ ውስጥ ሞራ ትቀባለች፣ አንድ ማንኪያ የተመታ እንቁላል ታፈስበታለች፣ እሳቱ ላይ ታሽከረክረዋለች፣ ሥጋ ጣል አድርጋ ታጥፈዋለች። የታጠፈው ቢጫ ነገር የወርቅ ጥፍጥፍ ስለሚመስል «ወርቅ» ይሉታል። ሊንዲ በእነዚያ ጣቶቿ በአንድ ጠዋት የመንግሥት ግምጃ ቤት የሚሞላ ወርቅ ትሠራለች።

«ሄዳለች?» አለ ገንሮንግ በከንፈሩ ብቻ።

«ቡቃያ እየለቀመች ነው» አለች ሊንዲ ጭልፋውን ሳታቆም። «ለምሳ ብቻ ይሁን ብያለሁ። እኔ ምራት ነኝ፣ ሂጂ ማለት አልችልም። አንተ ወንድሟ ነህ።»

«ወይዘሮ ጂያንግ ሰልፉን ሁሉ ሰበከችው።»

«ታዲያ ምን ሠራህ?»

«ጠጅ ገዛሁ።»

ሊንዲ አየችው። ያቺ አስተያየት ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቆየች ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ስለት አልጎደላትም።

ሜይባኦ ለአፍታ ወደ ውሃው ቧንቧ ስትወጣ ገንሮንግ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። እናቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጥላለች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ጆሮዋ ግን የሌባ ጆሮ ነው። እሱ እንደ ድመት ተንበርክኮ ሳጥኑን ሳበ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለች።

«መርፌ።»

«መርፌ ምን ያደርግልሃል?»

ክዳኑን ከፈተ። ክር፣ ቁልፍ፣ የሟች አባቱ የሠራተኛ መታወቂያ፣ ከሥር ደግሞ ካርታው፤ ቀዩ ሽፋን፣ በላስቲክ እንደ ተጠቀለለ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጥርጣሬው ይለቀው ነበር። ገንሮንግ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ጥርጣሬ አሳድጎ አያውቅም። ካርታው ካለ፣ ሲል አሰበ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች ማለት ነው። ላስቲኩ ደግሞ ሁለቴ ተጠምጥሟል፤ እሱ ሦስቴ ነው የሚያጠመጥመው፣ ወይም ሦስቴ ይመስለዋል። ሳጥኑን መልሶ ሲገፋ እናቱ ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም። ሦስቱንም ቀን ስለ ሜይባኦ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ይህም ለእሱ ሌላ ማስረጃ ሆነ። ሁለቱ ተማክረዋል።

ምሳ ላይ አራቱም አብረው በሉ። ከገንሮንግ ፊት ለፊት ሜይባኦ የአኩሪ አተር ቡቃያውን ጭራ እየቆረጠች ወንፊት ላይ ታስቀምጣለች፤ እየበላችም ትለቅማለች፣ የማታው ማዕድ የሷ ዕዳ የሆነ ይመስል። ስልኳ በፊቱ ተደፍቶ ከሳህኗ አጠገብ ተቀምጧል። ሦስት ቀን ሙሉ ጠርቶ አያውቅም። ባሏ ዳኦሹን የአውቶቡስ ቲኬት ሲቆርጥ እንኳ ሁለቴ የሚደውል ሰው ነበር፤ አሁን ዝም አለ። ገንሮንግ ሩዙን ያኝካል፣ ያስባል። ዝም ያለ ባል ያለ ዕቅድ ዝም አይልም። ባል እዚያ፣ ሚስት እዚህ፣ ካርታው በመካከል።

«እትዬ፣ ወደ ቤትሽ የሚወስደው የሙዱ መንገድ ዛሬ ይጨናነቃል አሉ» አለ በመጨረሻ።

«ይጨናነቃል» አለች።

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልተንቀሳቀሱ መከራ ነው።»

«ልክ ነው» አለችና አንዲት የተበላሸች ቡቃያ አውጥታ ጣለች።

ሊንዲ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። እናቱ የሾርባዋን ሳህን አነሣች፣ ጠጣች፣ አስቀመጠች። ከውጭ የወይዘሮ ጂያንግ ጫማ በድንጋዩ መንገድ ላይ ጠብ ጠብ እያለ መጥቶ በራቸው ላይ ቆመ፣ ትንሽ ቆየና ሄደ። ያ ጫማ እነሱ በር ላይ ሲቆም የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ ምን እንደሆነ ደግሞ አራቱም ያውቁታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገንሮንግ ተነሣና የባትሪ ሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደ። «ነይ እትዬ፣ ላድርስሽ» አለ። ድምፁ ጎርነን እንዲል ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ግን ቀጭን ነው። ሜይባኦ ወደ እናቷ አየች። እናቷ ወደ ብርድ ልብሱ። ሜይባኦ አንድ ጊዜ ራሷን ነቀነቀች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ታጣፊውን አልጋ አጥፋ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አስገባች፣ ሰማያዊ ቦርሳዋን አነሣች። ሦስት ቀን የተኛችበት ቦታ ባዶ ወለል ሆነ። ገንሮንግ አባራሪ እንዳይመስል አንድ ጠርሙስ ጠጅ ከጀሪካኑ ቀድቶ ከኮርቻው ፊት አሰረ። ቦርሳውን ሊቀበላት ሲያነሣው እጁ በከንቱ ወደ ላይ ሄደ፤ የሚከብድ መስሎት ነበር። አንድ ሹራብና የጥርስ ብሩሽ ይዞ ቢሆን ነው። ይህም አላስደሰተውም። ሰው በዚህ ቦርሳ ወይ ለአንድ ቀን ይመጣል ወይ ለዘላለም።

ከከተማው ወደ ሙዱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ብርድ ግን አሥራ ሁለት መቶ ነበር። በየመንገዱ ዳር የበግ ሾርባ ቤቶች እንፋሎት ይተፋሉ፣ ሰው ሁሉ ፌስታል አንጠልጥሎ ወደየቤቱ ይሮጣል። ግማሽ ኪሎ የበግ ሥጋ ዘጠና ዩዋን ተብሎ በካርቶን ተጽፏል፤ ገንሮንግ ሰረቅ አድርጎ አየና አፉ ውስጥ ተሳደበ። ሜይባኦ ከኋላው ናት። ወገቡን አልያዘችም፤ የኮርቻውን ብረት ነው የጨበጠችው። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ዞር ሳይል ጠየቃት።

«ከዳኦሹን ጋር ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አረንጓዴ ሆኗል» አለች።

የሜይባኦና የባሏ አፓርታማ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ሜይባኦ ከፊቱ እየወጣች በየፎቁ ቆም ትላለች፤ ደክሟት አይመስልም። አምስተኛው ላይ ቁልፏን አውጥታ ያዘችና መልሳ ኪሷ ከተተችው፤ ደወሉን ደወለች። የገዛ ቤቷን ደወል! ገንሮንግ ይህን ለጥርጣሬው ክምር አንድ ላይ ጨመረው፤ ግን ከምኑ ጋር እንደሚገጥም አላወቀም። በሩን የከፈተችው የልጇ ሚስት እናት ናት፣ ገና የወለደች ልጇን ልትጠብቅ ከሰሜን የመጣች ወፍራም ደግ ሴት። የሜይባኦን ባለ አበባ ሽርጥ አድርጋለች። እግሯ ላይም የሜይባኦ ቡናማ የቤት ጫማ አለ።

«ውይ፣ እንግዳ!» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። ጎንበስ ብላ ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ጥንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች፤ ቆጣሪ ሊያነብ የሚመጣ ሰው ጫማው ላይ የሚያጠልቀው ዓይነት። አንዱን ለገንሮንግ ሰጠች። አንዱን ለሜይባኦ።

ሜይባኦ አጠለቀችው። አንድ እግሯን አንሥታ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቀስ ብላ ላስቲኩን በቁርጭምጭሚቷ ላይ ዘረጋች።

ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ገንሮንግ ከበሩ ሆኖ ቆጠረ፤ ምን ያድርግ፣ ዓይኑ የተፈጠረው ለመቁጠር ነው። ዳኦሹን፣ ልጁ፣ የልጁ ሚስት፣ እናቷ፣ ከውስጥ ቴሌቪዥን የሚያየው አባቷ። አምስት ሰው። አምስት ሳህን። አምስት ጥንድ ቾፕስቲክ። እንደገና ቆጠረ። ከአበባ ማስቀመጫው ኋላ የተሸሸገ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ሁሉ አየ። በዚህች ምሽት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከሌለ ሳህኑና ቾፕስቲኩ በቦታው ይቀመጥለታል፤ ባሕር ማዶ ይሁን፣ እስር ቤት ይሁን፣ ተኮራርፎ ይውጣ፣ ይቀመጥለታል። ሊንዲ ለልጃቸው ለዪፋን፣ ሼንዘን ሥራ ከያዘ ጀምሮ በየዓመቱ ታስቀምጥለታለች። ከሰሜን የመጣችው ሴት ይህን ላታውቅ ትችላለች። ዳኦሹን ግን የሙዱ ልጅ ነው፣ ያባቱ አባት የሙዱ ነው፣ ድንጋዩም የሙዱ ነው። ሚስቱን እንኳን ሊጠብቃት እንደ ጎደለች እንኳ አልቆጠራትም።

ዳኦሹን እጁን በፎጣ እያደረቀ ከወጥ ቤት ወጣ። «አይ፣ መጣሽ?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፊቱ ቀላ። «እኛ እኮ… እናትሽ ጋ ትንሽ ታርፊያለሽ ብለን ነው። ሕፃኑ ሌሊት ያለቅሳል፣ አልጋውን ለእሳቸው… አሁን ወንበር ፈልጌ፣ ቆይ…» ዙሪያውን ተመለከተ። ወንበር አልነበረም። ልጇ ከስልኩ ቀና ብሎ «እማዬ» አለ፣ ተመልሶም ስልኩን አየ።

ሜይባኦ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ገንሮንግ ቀደማት። «አረ የምን ወንበር!» አለ፤ ድምፁ ያኔ ነው የጎረነነው። «ጠጅ ልናደርስ ነው ብቅ ያልነው! ቤት እየጠበቁን ነው። አሥራ ስምንት ዓይነት ምግብ ተሠርቷል፣ በግ አርደናል፣ ዓሣው ብቻ ሰባት ኪሎ ነው፤ እናታችን ሜይባኦ ካልቀመሰች አልቀምስም ብላ ከጧት ጀምሮ ጾሟን ናት!» በጉም ሰባት ኪሎ ዓሣውም የት እንዳሉ እሱ ራሱ አያውቅም። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ስድስተኛው ሳህን ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ አስቀመጠና እህቱን በክርኗ ይዞ ወጣ። የፕላስቲኩን ከረጢት ሳያወልቁ ነው ደረጃውን የወረዱት፤ በየደረጃው ኮሽ ኮሽ ይላል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሜይባኦ ቆመች። «ማነው የሚጠብቀን?»

«እማ።»

«ሊንዲስ?»

ገንሮንግ ቀድሟት ወረደ። ሜይባኦም የገባት መሰለ፣ ምክንያቱም ከተማው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «እዚህ አውርደኝ። በልታችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ፤ ያኔ ማንም ምንም አይልም። የበግ ሾርባ አምሮኛል።» መልካም ሐሳብ ነበር። እውነት ለመናገር ገንሮንግ ራሱ ከሙዱ ጀምሮ ይህንኑ ሲያስበው ነበር፤ ደንቡ ይጠበቃል፣ እህቱም አትራብም፣ የዪፋን እንጀራም አይነካም፣ ወይዘሮ ጂያንግም ጫማዋን ይዛ ትተኛለች። አቆመ። ወረደች። ሾርባ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ሕፃናት ወንበር ላይ ቆመዋል፣ ሽማግሌዎች ይሳሳቃሉ። ባለቤቱ ላቡን እየጠረገ ከእንፋሎቱ ውስጥ ጮኸ። «ስንት ናችሁ?»

«አንድ» አለች ሜይባኦ።

ባለቤቱ የሰማ አልመሰለውም። ጆሮውን አቀና። «ስንት?»

«አንድ» አለች፤ ጣቷንም አሳየችው።

ገንሮንግ ጡሩምባውን ነፋ። የነፋው አንዴ አይደለም፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ነው። «ተመለሺ እትዬ!» አለ። «ነይ፣ ውጪ! ይህ ሾርባ ውሃ ነው፣ ከሩቅ ይታወቃል!» ባለቤቱ ጭልፋ እንደያዘ ወጣ፣ ሰደበው፤ ገንሮንግ መለሰለት። ሜይባኦ ተመልሳ ተቀመጠች። በዚህኛው ጊዜ የኮርቻውን ብረት አልያዘችም።

ሲገቡ መሽቶ ነበር። መብራቱ በርቷል፣ ጠረጴዛው በአራት ሳህን ተዘርግቷል፤ የእናቱ፣ የእሱ፣ የሊንዲ፣ አራተኛው የዪፋን። ሊንዲ ከእሱ ኋላ የቆመችውን አይታ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። እጁን ይዛ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጎተተችው።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«እትዬን።»

«ዪፋን የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም እኮ! ዓመቱን ሙሉ የሚሆነው ሁሉ በኔ ነው የሚመካኘው። ድህነት ቢገባስ?»

«ይግባ» አለ ገንሮንግ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ያደረገው ነገር ነው። «ሳህኑን ቆጥሬያለሁ፣ ሊንዲ። ለአምስት ሰው አምስት ነው። የሷ የለም።»

«አላስቀመጡላትም?»

«አላስቀመጡም።»

በመጋረጃው ማዶ እናቱ «ሜይባኦ፣ ኮትሽን አውልቂ፣ ይበርድሻል» ስትል ተሰማ። በሦስት ቀን ውስጥ የሜይባኦን ስም ስታነሣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሊንዲ ጨርቁን ከወለሉ አነሣች፣ ወደ ምድጃው ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሳህን ሲንኳኳ፣ ሩዝ ሲጨለፍ ተሰማ። ከውጭ ያ ጫማ መጥቶ በራቸው ላይ ቆመ። ገንሮንግ ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ወይዘሮ ጂያንግ ጠረጴዛውን ሙሉ፣ ሰዎቹንም ሙሉ እንድታይ ሦስት እስኪቆጥር ጠበቀ። «መልካም ዋዜማ፣ እትዬ ጂያንግ» አለና ዘጋው።

ሊንዲ ሩዝ የሞላባቸውን ሳህኖች አምጥታ በየሰዉ ፊት አስቀመጠች። አምስት። ከሩዝ ማሳ ጭቃ የሚለቀም አንድ ክብ ሥር አለ፣ ሲላጥ ነጭና ጣፋጭ፤ በዚህች ማታ በየሰዉ ሳህን ሁለት ሁለቱ ተቀቅሎ ከሩዙ ሥር ይቀበራል። በቾፕስቲክ ቆፍሮ ያወጣ ሰው ወርቅ ቆፈረ ይባላል፣ ዓመቱም ይሞላለታል። ሊንዲ የቀቀለችው ስምንት ነበር፤ ለአራት ሰው ስምንት።

ሜይባኦ አቀርቅራ በላች። አንዱን ቆፍራ አወጣች፣ አየችው፣ ሩዙ ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ሁለተኛውን። አፏን በእጇ ጀርባ ሸፈነች። ማንም አላያትም፤ ማለትም ሁሉም እንዳላዩ ሆኑ። እናቷም ሁለት አውጥታ በጥርስ አልባ አፏ ታንከባልላለች። የዪፋን ሳህን ማንም ሳይነካው ሁለቱን ከሥሩ እንደያዘ ጎልቶ ተቀምጧል።

ገንሮንግ ቆፈረ። አንድ አገኘ። እንደገና ቆፈረ፤ ሩዙን ከግራ ወደ ቀኝ ገለበጠ፣ እስከ ሳህኑ ነጭ ወለል ወረደ፣ ዳር ዳሩን ፈተሸ። ሌላ የለም። ቀና ብሎ ሚስቱን በጥርጣሬ አያት።

«የኔ አንድ ነው» አለ።

«ብላ» አለች ሊንዲ።

«ያንቺስ ስንት ነው?»

«ብላ አልኩህ፣ ይቀዘቅዛል።»

አንገቱን አስግጎ የሳህኗን ሥር ሊያይ ሞከረ። ሊንዲ በመዳፏ ከለለችው።